ቤት ውስጥ ዕጣን ማጨስ አስም ላለበት ልጅ ይጎዳል ወይ?

የልጅ እናት
ሰላም ለሁላችሁ፣ እስቲ የምታውቁ ምከሩኝ። 5 ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ አለኝ፣ አምና አስም ነው ተባለ፣ ሲብስበት የምሰጠው የሚነፋ ሳልቡታሞል አለው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ነው። የባለቤቴ እናት ከጎንደር መጥተው አብረውን ናቸው፣ በጣም የምወዳቸው ሴት ናቸው፣ ስራ ስሄድ ልጁንም የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። ቡና ጠዋትም ከሰዓትም ይፈላል፣ ዕጣኑ ከአቦል እስከ በረካ አይቋረጥም፣ አሁን ደግሞ ክረምት ስለሆነ ብርድ ይገባል ተብሎ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ከስራ ስገባ ጭሱ መጋረጃው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚጠብቀኝ። ማታ ልጁ ሲተኛ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ አንዳንዴ ሲተነፍስ የጎኑ አጥንት መሀል ስርጉድ ስርጉድ ሲል አያለሁ። ሐኪሙ ጭስ አይንካው ብሎኛል ግን ዕጣን ብሎ ለይቶ አልነገረኝም። እማማን ስጠይቃቸው "ዕጣን እኮ መድኃኒት ነው፣ ቤት ያነፃል" ይሉኛል፣ ጎረቤቶቼ ደግሞ የትግራይ ዕጣን ንፁህ ስለሆነ ችግር የለውም ይላሉ። እውነት ነው? ቡናቸውን ማስቀረት በፍፁም አልፈልግም።

ሲስተር ከባህር ዳር
እህቴ ከሁሉም በፊት፣ ጎኑ ስርጉድ ስርጉድ ካለ ልጁ መተንፈስ ከብዶታል ማለት ነው፣ ቀላል ነገር አይደለም። ፓፉን (የሚነፋውን ሳልቡታሞል) ሰጥተሽው ካላሻለው፣ ማውራት ወይ መጠጣት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው፣ እስኪነጋ አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት ደግሞ ወደ ሐኪሙ መልሰሽ ውሰጂውና ማታ ማታ እንደሚብስበት ንገሪው፣ ምክንያቱም ሲያመው ብቻ ከሚሰጠው ሌላ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ሊያስፈልገው ይችላል።
ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ አዎ ዕጣን ይጎዳል። ሐኪሙ ጭስ ሲል ዕጣኑም ሰንደሉም ወይራውም ቀበርቾውም አብሮ ነው። ዕጣን ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ በጣም ደቃቅ ብናኝ አለው፣ ከ2.5 ማይክሮን በታች ነው የሚባለው፣ አፍንጫ የማያስቀረው፣ በቀጥታ ሳንባ ድረስ የሚዘልቅ። ከሱ ጋር ቤንዚን (benzene፣ የመኪናውን ነዳጅ ማለቴ አይደለም) የሚባለው ኬሚካልና ፎርማልዲሃይድ ምናምንም አለ። አስም ያለበት ልጅ የአየር ቧንቧው ድሮም የተቆጣ ስለሆነ ጭሱ ሲነካው ይጠብበታል፣ ሲር ሲር የሚለው ያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፣ መስኮቱ የተዘጋ ትንሽ ሳሎን ውስጥ ከሰልና ዕጣን ሲጨስ ይሄ ቁጥር ወዲያው ነው የሚታለፈው። የትግራይ ሆነ የቦረና ሆነ የኦጋዴን፣ ልዩነቱ ሽታውና ዋጋው ላይ ነው፣ ሳንባ ላይ ጭስ ጭስ ነው።

አዳማ
እኔ ግን ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። እኛ ያደግነው በዕጣን ነው፣ አያቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን እያጨሱ ሸምግለው ነው የሞቱት፣ በቤተክርስቲያንም ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው። አሁን ሁሉ ነገራችን በሽታ ነው እየተባለ ባህላችን አንድ በአንድ እየቀረ ነው፣ ይሄ ያሳዝነኛል። እህቴ እናትየውን እንዳታስቀይሚ፣ ልጁ ሲያድግ ይተወዋል።

ሰላማዊት
@አዳማ ስለ ባህሉ የምትለው ይገባኛል፣ እኔም ቡና ያለ ዕጣን ቡና አይመስለኝም። ግን አያቶቻችን አልታመሙም ማለት አይቻልም፣ እናቶቻችን ጉልቻ ስር ሲያስሉ አይደል እንዴ የኖሩት፣ ብርድ ነው ይባል ነበር እንጂ ማን መረመራቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰው ሞቷል፣ ከነሱ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ ከ5 ዓመት በታች ልጆች ናቸው፣ ይሄ በዋናነት የማብሰያ ጭስ ነው፣ በእንጨት በኩበት በከሰል። ቤቱም እኮ ተለውጧል፣ የሳር ጎጆ ጭሱን በክዳኑ ያሳልፋል፣ ኮንዶሚኒየም ግን መስኮትና በሩ ከተዘጋ ጭሱ የት ይሄዳል? "ሲያድግ ይተወዋል" የሚለውን ደግሞ ዛሬ ማታ መተንፈስ ላቃተው ልጅ አትበል ወንድሜ።

ሜሪላንድ ነዋሪ
ሁላችሁም ዕጣኑን አያችሁና ከሰሉን ረሳችሁት። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ቀለም የለውም ሽታ የለውም፣ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ነው የሚይዘው። ብዙ ሰው ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ ጭሱ ሲያልቅ ፍሙን ወደ ቤት ያስገባና አሁን ሰላም ነው ይላል፣ ግን ጭስ የማይታይበት ፍም ራሱ ያወጣል፣ እንደውም ስለማይታይ ነው የሚያዘናጋው። ቡና ላይ ተቀምጣችሁ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ የቡናው ሱስ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ሰዉን ሁሉ ይዛችሁ ወደ ውጭ ውጡ። ፍም ያለበት ምድጃ ደግሞ በፍፁም ሰው የተኛበት ክፍል አይደር፣ በዚህ ስንት ቤተሰብ እንዳለቀ አገር ቤት በየክረምቱ እንሰማለን። እዚህ እኛ ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የምናፈላው፣ ዕጣኑንም በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ማጨሻ ላይ እናደርጋለን፣ ሽታው ይመጣል ጭሱ ግን ይቀንሳል፣ ከሰልም የለም። ይሄ ግን ለጤነኛ ሰው ቤት ነው፣ ላንቺ ልጅ ያም ቢሆን ባይኖር ይሻላል።

የልጅ እናት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ፈቃድ ጠይቄ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ። ለእማማ እንዴት ልንገራቸው? እሁድ እሁድስ ቅዳሴ ስናስቀድስ ምን ላድርግ?

ሲስተር ከባህር ዳር
እማማን ሐኪም ቤት አብረሻቸው ውሰጂያቸው እህቴ፣ ካንቺ አፍ ከሚሰሙት ከሐኪሙ ቢሰሙት ይሻላል፣ ምራቴ ቡናዬን ከለከለችኝ አይሉም። ማታ ሲተነፍስ ደግሞ ጆሯቸውን ጀርባው ላይ አድርገው ያዳምጡት፣ የልጅ ልጃቸው ነው፣ ይገባቸዋል። ቡናው ይቀጥል፣ በኤሌክትሪክ ይፍላ፣ ዕጣኑን ካልቀረ በረንዳ ላይ የበረንዳውን በር ዘግተው ያጭሱት፣ ልጁ ውስጥ ይሁን። እሱ ውጭ ሲጫወት ቤት ውስጥ ማጨስ መፍትሄ አይደለም፣ ብናኙ አየር ላይ ይቆያል፣ ሽታው ሶፋና መጋረጃው ላይ ያድራል፣ ሲመለስ ያገኘዋል።
ለቅዳሴው አትጨነቂ፣ ስንቱ ሰው ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር ሆኖ ነው የሚያስቀድሰው፣ እናንተም እዚያው ሁኑ። ለቁርባን ስታስገቢው ጭሱ ወደበዛበት አትጠጊ፣ ፓፉ ደግሞ ከነጠላሽ ጋር አብሮ ይያዝ።