«የአፍ ማሟሻ» ከየት መጣ? ደሞስ ግሌዝ ያለው ሸክላ በአማርኛ ምን ይባላል?

የማርቆሱ፦ ሰላም ቤተሰብ። አንድ ጽሁፍ እየተረጎምኩ ግሌዝ (ሸክላ ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ሽፋን) የሚለው ላይ ደርሼ ቆምኩ። ጓደኛዬ «የተሟሸ ሸክላ» በለው አለኝ፣ እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። «የአፍ ማሟሻ» የምንለውስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

የደጀኗ፦ ኧረ ወንድሜ ተው! ማሟሸት ሌላ ግሌዝ ሌላ። እኛ ቤት አዲስ ምጣድ ከገበያ ሲመጣ እናቴ እሳት ላይ ጥዳ ሲግል የተወቀጠ ጎመን ዘር ትነሰንስበትና በጨርቅ ታሸዋለች፣ ጭሱ አይን ያጠፋል፣ ደጋግማ ደጋግማ ፊቱ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ነው፣ ቅባቱ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍነውና እንጀራው አይጣበቅም። እኔ አንዴ ቸኩዬ ሳላሟሽ ጋግሬ የመጀመሪያውን እንጀራ በቢላ ፍቄ ነው ያነሳሁት፣ እስካሁን ይስቁብኛል 😅 እና ማሟሸት ማለት አዲሱን እቃ ለስራ ማለማመድ ነው። «ለወሬ ማሟሻ» ስንልም ዋናው ጨዋታ ሳይመጣ የምትጣል ወሬ ናት። «የአፍ ማሟሻ አደረጉኝ» ሲባል ደሞ ስሜን አፋቸው ላይ ያሹታል እንደማለት ነው።

የቡሬው፦ እታለም ልክ ነሽ። ግሌዝ ቅባት አይደለም፣ መስታወት ነው። አሸዋው ውስጥ ያለውን ሲሊካ፣ ለምሳሌ እርሳስ የሚባለውን ብረት ጨምረው ያቀልጡትና ሸክላው ላይ ይጋግራል፣ ውሃ አያሳልፍም። የኛ እንስራ ግን ያልበዋል፣ ውሃው የሚቀዘቅዘውም ስለሚያልበው ነው እንጅ ግሌዝ ቢደረግማ ሞቅ ብሎ ይቀር ነበር። ቲን የሚባል ብረት ተቃጥሎ ሲጨመርበት ደሞ ነጭ ይሆናል፣ ይሄን በፈረንጅ 9ኛው ክፍለ ዘመን ኢራቅ ውስጥ ባስራ አካባቢ የቻይናን ነጭ እቃ ለመምሰል ብለው ሰሩት። ከዛ ወደ ስፔን፣ ከስፔን ወደ ጣልያን። እኔን የሚገርመኝ ስሙ ነው፣ በየደረሰበት ያገር ስም ይይዛል፦ ማዮሊካ ከማዮርካ ደሴት፣ ፋያንስ ከጣልያኗ ፋየንዛ ከተማ፣ ሰማያዊ በነጩ ዴልፍት ደሞ በ1600ዎቹ ገናና ከነበረችው የሆላንዷ ዴልፍት። ባጭሩ የእቃው ስም ሁሉ አድራሻ ነው።

የማርቆሱ፦ እሺ ጋሸ፣ የኛስ?

የቡሬው፦ የኛማ ሲኒ! በአረብኛ «ሲኒ» ማለት ቻይናዊ፣ የቻይና ማለት እኮ ነው። ቡናውን በጀበና አፍልተን በቻይና እንጠጣለን ማለት ነው 😂 ለትርጉምህ «የመስታወት ልባስ ያለው ሸክላ» በል። ሸክላ ብቻውን እንዳትተወው፣ የድሮ ዘፈን ዲስክ የሚመስለው ሰው አይጠፋም።

የደጀኗ፦ «ልባስ» የቤተ ክህነት ነገር ሸተተኝ፣ እኔ «የመስታወት ቅብ» እለዋለሁ። የሲኒውን ነገር ግን አሁን ለእናቴ ነገርኳትና ምንም አልመሰላት። ረከቦቱ ላይ ካሉት አንዱን ገልብጣ «ታዲያ ከስሩ ምን ይላል፣ አንብቢው እስቲ» አለችኝ። አነበብኩት። ቻይና ይላል።