ካርታዬ ላይ ባሕር ዳር አነሰች፣ ረግረጉ ሰፋ፤ ምን አጥፍቼ ነው?

የጣናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ጽሑፌ ባሕር ዳር ስትሰፋ የጣና ዳር ረግረግ ምን ያህል እንደጠፋ በላንድሳት ሳተላይት ምስል እየለካሁ ነው። የያዝኳቸው ምስሎች ሦስት ናቸው፦ የ1986 ጥቅምት፣ የ2010 መጋቢትና የ2023 ጥቅምት (ዓመቶቹ በፈረንጅ)። ከተማውን የለየሁት በኤንዲቢአይ (ሕንፃን በሚለየው ቀመር)፣ ረግረጉን በኤንዲቪአይ (አረንጓዴነትን በሚለካው) ነው። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ የ2010 ከተማ ከ2023 በለጠብኝ! ረግረጉ ደግሞ በ2023 ጨምሯል ይለኛል። አማካሪዬ አይተው ሳቁ። እኔን ግን አላሳቀኝም፤ የማስረክበው በሦስት ሳምንት ነው።

ፒክስል ቆጣሪ፦
ጥፋቱ የወሩ ነው እህቴ። መጋቢት ላይ እህሉ ታጭዶ ማሳው ራቁቱን ነው። ኤንዲቢአይ ደግሞ ደረቅ አፈርንና ሰፈርን አይለይም። ሁለቱም ኢንፍራሬድ ከሚባለው ዓይን ከማያየው ብርሃን ውስጥ ከቅርብ ኢንፍራሬድ ይልቅ አጭር ሞገዱን ኢንፍራሬድ አብዝተው ይመልሳሉ። በ2010 ከተማ ካልሽው ብዙው ማሳ ሳይሆን አይቀርም።

ለየዓመቱ ሁለት ወቅት ያዢ፣ ጥቅምትና መጋቢት። ማሳ ጥቅምት ላይ አረንጓዴ ነው፣ መጋቢት ላይ ቡናማ። ቆርቆሮና አስፋልት ግን ዓመቱን ሙሉ ያው ናቸው። የሁለቱን ወቅት ልዩነት እንደ አንድ ባንድ (የምስል ንብርብር) ጨምሪው።

የሐይቁንም ከፍታ አትርሺ። ጣና ክረምት ሲወጣ ይሞላል፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ይጎድላል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ያለው የጨረጨራው ግድብ በ1996 (በፈረንጅ) ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የውኃው አካሄድ እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ የጠፋው ረግረግ ወደ ምን እንደተለወጠ ለይተሽ ቁጠሪ፤ ወደ ቤት? ወደ ማሳ? ወደ ባሕር ዛፍ? ሁሉንም በከተማው ላይ አትለጥፊበት።

ደንገል፦
እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። አረንጓዴ ሁሉ ደንገል አይደለም! በበጋ ውኃ የሚጠጣ ጫት ከላይ ሲያዩት ቁርጥ ደንገል ነው። የጫቱን ናሙና ለብቻው ካልሰጠሽው ረግረግሽ በየዓመቱ ይሰፋልሻል።

እምቦጭም አለ። ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በፈረንጅ 2011 ስለሆነ የ1986ቱን ምስል አይነካብሽም። በብዛት ያለው በሰሜንና በምሥራቅ ዳር ቢሆንም የ2023ቱን ግን ፈትሺ። ሴንቲኔል 2 የሚባለው ሳተላይት በየአምስት ቀኑ ያልፋል፣ ፒክስሉም (የምስሉ አንድ ነጥብ) 10 ሜትር ነው። የተከታታይ ሳምንታት ምስል ደርድሪና እዪ፤ ነፋስ ቦታ ያስለወጠው እምቦጭ ነው።

ለ1986 ማመሳከሪያሽ ምንድን ነው? ጉግል ኧርዝ ለዚያን ጊዜ ጥርት ያለ ምስል የለውም። እኔ ታንኳ የሚሠሩ አባቶችን ይዤ ዞርኩ። “ድሮ ደንገል ከየት ነበር የምታጭዱት?” እያልኩ። አንዱ አባት ወስደው አንድ ፎቅ ቤት በር ላይ አቆሙኝ። “ታንኳዬን የማስረው እዚህ ነበር” አሉኝ። ዘበኛው ግራ ገብቶት ያየናል። እዚያው ቆሜ የጂፒኤስ ነጥብ ወሰድኩ።

ቀያሹ፦
ሌሎቹ ያላነሱትን ልጨምር። የከተማውን ወሰን ከየት አመጣሽው? የቆየ ካርታ ከሆነ አዲንዳን በሚባለው የድሮ የቦታ መለኪያ ሥርዓት የተሠራ ሊሆን ይችላል። የሳተላይቱ ምስል ግን ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ሥርዓት፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሳትቀይሪ ከደረብሽው 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። የላንድሳት ፒክስል 30 ሜትር ነው፤ ከስድስት ፒክስል በላይ ሳትሽ ማለት ነው። ለጠባብ የሐይቅ ዳር ይሄ ቀልድ አይደለም።

የጣናዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ግን ይህን ሁሉ ምስል በዚህ ኢንተርኔት እንዴት ላውርደው? አንዱ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ነው የፈጀብኝ።

ፒክስል ቆጣሪ፦
ምን አደከመሽ? ጉግል ኧርዝ ኢንጂን ላይ ሥሪው። ስሌቱ እዚያው ያልቃል፣ አንቺ የምታወርጂው ውጤቱን ብቻ ነው። ለትምህርት ነፃ ነው። ደመናውን በኮድ አስወጪና የወሩን ምስሎች መካከለኛ ዋጋ ውሰጂ። ላንድሳት 7ን ግን ከግንቦት 2003 (በፈረንጅ) ወዲህ ተጠንቀቂው፣ ምስሉ የተሸነተረ ነው። ለ2010 ላንድሳት 5 ይበቃሻል።

የጣናዋ፦
ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ወሰኑ እውነትም አዲንዳን ነበር፤ ቀያሹ፣ እጅህ ይባረክ። ሁለቱን ወቅት ሳስገባ ከተማዋ ከዓመት ዓመት እያደገች መጣች። ረግረጉ ግን አሁንም ትንሽ ይሰፋብኛል። ጫቱ ነው መሰለኝ። ቅዳሜ ጂፒኤስ ይዤ ማሳ ለማሳ ልዞር ነው።

ደንገል፦
ባለቤቶቹን አስፈቅደሽ ግቢ። ጂፒኤስ ይዞ የሚዞር ሰው ሲያዩ መሬት ሊወሰድ ነው ብለው ይደነግጣሉ።