«ብርሃን ሲበዛ አይጎዳም» ያለው ሰው ሐረጎ ዳገት ላይ ይምጣ

የጦሳ ሥር፦
የቅዳሜውን የሐይቅ አዳራችንን ፎቶ ብለጥፍ አንድ ወንድማችን ከሥሩ «መኪናው ጣሪያ ላይ፣ ዕቃ መጫኛው ፖርቶ መጋላ ላይ፣ አራት ፓውዛ ያልሰቀለ ሰው ድንኳን ይዞ ባይወጣ ይሻለዋል፤ ብርሃን ሲበዛ አይጎዳም» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ያን ሌሊት የተኛሁት እንዲህ ካለው መኪና ሠላሳ ሜትር ርቄ ነው። ተኛሁ ካልን። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድንኳኔ ውስጥ ሆኜ የጣቴን ጥፍር አንድ በአንድ ሳይ ቆየሁ። ከተማው ውስጥ ያጣነውን ኮከብ ፍለጋ ነበር የሄድነው። እስኪ ሲበዛ የማይጎዳ ነገር አንድ ጥሩልኝ።

ቦርከና ማዶ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልደበቅም። መሽቶበት ድንኳን የተከለ ሰው ያውቀዋል። ከባቲ ስንመለስ ጨለመብንና የእጅ ባትሪ በጥርሴ ይዤ ካስማ ስመታ አውራ ጣቴን ቀጠቀጥኩት። ጥፍሩ እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። ከዚያ በኋላ አራት አሰቀልኩ፤ ሁለቱ ሩቅ የሚወረውሩ ለመንገድ፣ ሁለቱ ሰፋ አድርገው የሚበትኑ ለሰፈሩ። በሰው ጣት መቀለድ ቀላል ነው።

ሰኞ ገበያ፦
«ሲበዛ አይጎዳም» ጨው ላይም ይሠራል? እቤት ልሞክረው ነው።

ባለ ተሳቢ፦
እኔ የምጽፈው ስለ ድንኳን አይደለም። ከጅቡቲ በሚሌ፣ በባቲ አድርጌ ጭነት ሳመላልስ ዕድሜዬ አልቋል። ባለፈው ወር ሐረጎን ወደ ደሴ ስወጣ ከላይ አንድ ፒክአፕ ጣሪያው ላይ ያለውን ሁሉ አብርቶ ወረደብኝ። መንገዱ ጠፋ፣ ኩርባው ጠፋ፤ ፓራብሬዙ ላይ የቀረው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነበር። ጫፉን ያለፍኩት ረዳቴ በመስኮት ወጥቶ «ግራ! ግራ!» እያለ ሲጮህ ነው። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ መብራት እንደ ፊት መብራት አጭር የሚባል ነገር የለውም፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። ብርሃን ሲበዛ አይጎዳም ያልከው ልጅ፣ አንድ ቀን ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ተቀመጥና ድገመው።

ቦርከና ማዶ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ያወራሁት ስለ አዳር ነው። መንገድ ላይ አብሩ አላልኩም።

የጦሳ ሥር፦
«ሁለቱ ለመንገድ» ያለው ማን ነው? ከላይ አለ፤ ወጣ በልና አንብበው።

ቦርከና ማዶ፦
ለመንገድ ማለት ሰው ለሌለበት መንገድ ማለት ነው። ሁሉን ነገር ተንትኜ ልጻፍ?

ሰኞ ገበያ፦
ሰው የሌለበት መንገድ በወሎ ካገኘህ ለሁላችንም ንገረን።

የሸዋበር ኤሌክትሪሺያን፦
ወንድሞቼ፣ ክርክራችሁን የሚጨርሰው ባትሪው ነው። 120 ዋት መብራት በ12 ቮልት 10 አምፔር ይስባል፤ ሁለት ሲሆን 20። የመኪናህ ባትሪ 70 አምፔር ሰዓት ነው እንበል። ለሞተር ማስነሻ የተሠራ ባትሪ ግማሹ ከወረደ ይጎዳል፤ ሞተር አጥፍተህ ብታበራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እዚያ ትደርሳለህ። ጠዋት ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ሲል እኔ ጋ ትደውላላችሁ።

ሌላው አሰቃቀሉ ነው። ትናንት አንድ መኪና ፈታሁ። መስመሩን ከፊት መብራቱ ማብሪያ ላይ ቀጥለውት፣ ሪሌ (በትንሽ ጅረት ትልቁን የሚያበራው ማብሪያ) የለ፣ ፊውዝ የለ፣ የማብሪያው ፕላስቲክ እንደ ሻማ ቀልጦ ወርዷል። ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው፣ ፊውዙ እዚያው ባትሪው አጠገብ፣ ከዚያ ሪሌ። ጣሪያ ደግሞ አይበሳም! ፖርቶ መጋላው ላይ በማቀፊያ ይታሰራል። የበሳችሁት በክረምት አናታችሁ ላይ ሲንጠባጠብ ታስታውሱኛላችሁ።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውንም አትመኑ። «300 ዋት» የተባለ አምጥተውልኝ ብለካው 5 አምፔር ብቻ ሳበ፤ ይኸው 60 ዋት ማለት ነው።

ቦርከና ማዶ፦
እሰይ! የእኔም 60 ከሆነ ታዲያ ምን ያስለቅሳችኋል? የድሮው ሃሎጂን ረጅም መብራትም 60 ዋት ነው።

የሸዋበር ኤሌክትሪሺያን፦
ኤልኢዲ በዚያው ዋት የሃሎጂኑን ብዙ እጥፍ ብርሃን ይሰጣል። ዋት የሚነግርህ ባትሪህ ምን ያህል እንደሚሟጠጥ እንጂ የሰው ዓይን ምን ያህል እንደሚጠፋ አይደለም።

ጉጉፍቱ፦
በክረምት ጉም ውስጥስ? ቢጫ ግዙ። ቢጫ ጉምን ይሰነጥቃል።

የሸዋበር ኤሌክትሪሺያን፦
አይሰነጥቅም። የጉሙ ጠብታ ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚበልጥ ቢጫውንም ነጩንም እኩል ይመልሰዋል። 3,000 ኬልቪኑ (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ቢጫ ከ6,000ው ነጭ ይልቅ ዓይን ላይ የሚቀለው ሰማያዊው ስለሚያንስ ነው። ዋናው የሚሰቀልበት ቦታ ነው፤ ከታች፣ ፓራውልቱ (የፊት መከላከያው) ላይ፣ ሰፋ ብሎ ወደ መሬት ያዘነበለ። ጣሪያ ላይ ያለው ከዓይንህ በላይ ሆኖ ጉሙን መልሶ ፊትህ ላይ ይደፋዋል። ኮፈኑ ላይ እያንጸባረቀም ያስቸግራል።

ጉጉፍቱ፦
እኔ በዓይኔ ያየሁትን በሞገድ አታስተባብለኝ። በቢጫ ነው የምወጣው፣ በቢጫ ነው የምገባው።

ቦርከና ማዶ፦
የደሴ ሰው ጉም ሲያነሳ አገር አለኝ ይላል። እኛ ታች ያለነው ጉም የለብንም፤ ሰማያችን ጥርት ያለ ነው።

የጦሳ ሥር፦
ጥርት ያለ ከሆነ አራቱን ፓውዛ ለምን ፈለግከው? 😄 ደግሞስ የእናንተን ሙቀት ሸሽታችሁ አይደል በየሳምንቱ እኛ ሐይቅ የምትወጡት።

ተሁለደሬ፦
«እኛ ሐይቅ» ማለት ምንድን ነው? ሐይቅ ያለው ተሁለደሬ ወረዳ ነው። ደሴ የራሷ የሆነ ነገር እስክታገኝ የሰው አትቁጠር።

የሁለት ልጆች እናት፦
ጠባችሁን ትታችሁ አንድ ነገር ስሙኝ። እኛም አንድ ጊዜ ያን ነጭ መብራት ከመኪናው ጣሪያ ላይ አብርተን እራት አቀረብን። ሳይቆይ የእሳት እራት ወረደብን። ሽሮው ላይ፣ ሻዩ ላይ፣ የልጄ ጸጉር ውስጥ። የማን እራት እንደሆነ ግራ ገባን። አሁን የኋላ በሩ ሥር፣ ጉልበት አካባቢ፣ 5 ዋት የምትሆን ቢጫ መብራት አለችን፤ ድንኳን ለመትከልም ለመብላትም በቂ ናት። ልጆቹ ሽንት ሲመጣባቸው ደግሞ ቀይ። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ነጩን አንድ ጊዜ ብልጭ ካደረጋችሁበት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ቀዩ ግን ብዙም አይነካውም። ወላሂ ኮከቡን ማየት የጀመርነው ያኔ ነው።

ቦርከና ማዶ፦
እህቴ፣ በ5 ዋት ጅብ ቢመጣስ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ጅብ ሲመጣ አብራዋ። እስኪመጣ ግን ለምን ይበራል?

ሰኞ ገበያ፦
ጅቡም ዓይኑ ጠፍቶ አንተ ድንኳን ውስጥ ይገባል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መነኮሳት ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እዚያው ሐይቁ ላይ ያለ ፓውዛ ሲያድሩ አንድም የተበላ አልሰማንም።

ቦርከና ማዶ፦
መነኩሴ አትጥራብኝ። እኔ የተናገርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እናንተ መጽሐፍ አደረጋችሁት። ብርሃን ሲበዛ አይጎዳም። አሁንም አይጎዳም። የሚጎዳው አቅጣጫው ነው።

ባለ ተሳቢ፦
እንዲህ ነው! «አቅጣጫው» የምትል ቃል ዛሬ ገና ተወለደች። ትናንት የት ነበረች?

የጦሳ ሥር፦
ጋሼ ይተውት፣ ማፈግፈጉ ነው።

ቦርከና ማዶ፦
አላፈገፈግኩም። የፊታችን ቅዳሜ እዚያው ነኝ፤ አራቱንም ይዤ።

የጦሳ ሥር፦
እንግዲያው እኔ ድንኳኔን ከውሃው ማዶ እተክላለሁ።

ተሁለደሬ፦
ማዶው ገዳሙ ነው። ድንኳን አይተከልበትም።