የእኔን እምነት የሚነቅፍ ጽሑፍ አላትምም ማለት አድልዎ ነውን?

የአጂፕ ባነር ሠሪ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ አጂፕ አካባቢ ባነር፣ ቲሸርትና የጥሪ ካርድ የማትምበት አነስተኛ ቤት አለኝ። በዓል ሲቃረብ ከየትኛውም ወገን የመጣ ሥራ እቀበላለሁ፤ ለጥምቀትም፣ ለመውሊድም፣ ለኮንፈረንስም ባነር ሠርቻለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ ደንበኛ በፍላሽ ያመጣውን በራሪ ጽሑፍ ከፍቼ ሳነበው፣ የእኔን እምነት በስሙ ጠርቶ ሐሰት መሆኑን የሚያስረዳ ሆኖ አገኘሁት። ስድብ የለበትም፤ ጥቅስ እየጠቀሰ የሚከራከር ነው። «ይህን ማተም ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም፤ ሌላ ሥራ ካለዎት ግን በደስታ እሠራለሁ» ብዬ መለስኩለት። እርሱም የንግድ ፈቃድ ያወጣሁት ሁሉንም ለማገልገል እንደሆነ፣ በሃይማኖቱ ምክንያት እንዳገለልኩትና ንግድ ጽሕፈት ቤት እንደሚከሰኝ ነግሮኝ ሄደ። የእኔም የእርሱም ሃይማኖት የትኛው እንደሆነ ሆን ብዬ አልጻፍኩም፤ ቦታ ብንለዋወጥም ጥያቄው ያው ነውና። ሕጉ ምን ይላል?

ጠበቃ ከፈረንጅ አራዳ፦
ወንድሜ፣ ሁለታችሁም የምትጠቅሱት ሕገ መንግሥታዊ አንቀጽ አላችሁ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 በሃይማኖት ምክንያት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ አንቀጽ 9 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የማክበር ኃላፊነትን በመንግሥት ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ዜጋ ላይ ስለሚጥል «እኔ የግል ነጋዴ ነኝ» የሚለው መልስ ብዙ አያስኬድም። በሌላ በኩል አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ያረጋግጣል፤ እምነትን መግለጽም ሊገደብ የሚችለው የሌሎችን መሠረታዊ መብትና የመሳሰሉትን ለመጠበቅ በሚወጣ ሕግ ነው። ችግሩ ነጋዴ ማንን ማስተናገድ እንዳለበት በዝርዝር የሚደነግግ አጠቃላይ የፀረ አድልዎ ሕግ የሌለን መሆኑ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይናገራል እንጂ ነጋዴው የቀረበለትን ጽሑፍ ሁሉ እንዲያትም አያስገድድም።

የውጭውን ልምድ ካየን፣ በሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት ከተማ አሸርስ የተባለ ዳቦ ቤት የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን የሚደግፍ ጽሑፍ ያለበት ኬክ አንሠራም ብሎ ተከሶ ነበር። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባለቤቶቹ የተቃወሙት መልእክቱን እንጂ ደንበኛውን ስላልሆነ አድልዎ አልፈጸሙም ሲል ወሰነ። በአንጻሩ በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና የሚገኝ የምግብ ቤት ባለቤት ጥቁሮችን ከነጮች ጋር ማስተናገድ እምነቴ አይፈቅድም ብሎ ሲከራከር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ክርክሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የመጀመሪያው ጽሑፍን፣ ሁለተኛው ሰውን ነው የከለከለው። የእርስዎ ጉዳይ ወደ መጀመሪያው ይጠጋል።

የመርካቶ ምግብ ቤት፦
እኔ ሕግ አላጠናሁም፤ የማየውን ልናገር። በከተማችን አንዱ ሥጋ ቤት መስቀል፣ ሌላው ጨረቃ ለጥፎ ጎን ለጎን ይሠራል፤ አድልዎ ተፈጸመብኝ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም በያይነቱ ስለምሠራ ከቢሮ የሚወጡ ክርስቲያኖች ምሳቸውን እኔው ዘንድ ይበላሉ፤ እንዲያውም ሽሮው በጥሩ ዘይት ተሠርቶ ቅቤ እንዳልነካው ድስቱን ከፍተው የሚያዩ አሉ፤ አልቀየማቸውም። ቢራ የሚጠይቅ ቢመጣ «የለም» እለዋለሁ፤ «ለአንተ አልሸጥም» ግን ብዬ አላውቅም። የሌለኝን ዕቃ አለመሸጥና ሰውን መርጦ መሸጥ አንድ አይደሉም። ይልቅ የሚያሳዝነኝ ቤት ኪራይ ነው፤ ደላላው ገና በስልክ «ሃይማኖትሽ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቃት፣ ሻንጣዋን ይዛ የምትንከራተት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለች። ስለ በራሪ ጽሑፍ ከመከራከር ስለ እርሷ ብንጽፍ ይሻል ነበር።

የኪቶ ተማሪ፦
እናታችን ያሉት ትክክል ነው፤ ጠበቃው በመልእክትና በሰው መካከል ያደረጉት ልዩነት ግን ከሚገባው በላይ ቀለለብኝ። አንድ አታሚ የመውሊድ ወይም የጥምቀት ባነር አልሠራም፣ የማልቀበለው መልእክቱን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም ቢል፣ በተግባር የአንድን ሃይማኖት ተከታዮች በሙሉ ከበሩ መለሰ ማለት ነው። በዓሉን ከሚያከብረው ሰው ለይቶ መልእክት ብቻ አድርጎ ማየት አይቻልም። የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች የሠርግ ኬክ አልሠራም ያለውን የኮሎራዶ ኬክ ጋጋሪ ነፃ ያወጣው የክልሉ ኮሚሽን ለእምነቱ ጥላቻ አሳይቷል በሚል ጠባብ ምክንያት እንጂ ዋናውን ጥያቄ ፈትቶ አልነበረም። ጠያቂውን የሚያድነው የሌሎችን በዓል ባነር ማተሙ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የእርስዎ ሃይማኖት ተከታይ የዚያን ደንበኛ እምነት የሚነቅፍ ተመሳሳይ በራሪ ጽሑፍ ቢያመጣ ያትማሉ?

የአጂፕ ባነር ሠሪ፦
በግልጽ ልመልስ፤ አትማለሁ። የማምንበትን ማሳተምና የማላምንበትን አለማሳተም ነው ሕሊና ማለት። ሁለቱንም እንድከለክል ከተገደድኩ የራሴን ቤተ እምነት ሥራ ማጣቴ ነው፤ በጾምና በበዓል ሰሞን ደግሞ የሱቁ ኪራይ የሚከፈለው ከዚያ ነው።

ጠበቃ ከፈረንጅ አራዳ፦
ሕሊናዎ ገለልተኛ እንዲሆን ማንም አያስገድድዎትም፤ ነገር ግን ንግድ ጽሕፈት ቤት ቢጠሩ ተማሪው ያነሳው ጥያቄ የመጀመሪያው ይሆናል፤ የአሁኑ መልስዎም የደንበኛውን ክስ ያጠነክረዋል። አንዱ እምነት ሌላውን የሚነቅፍበትን ጽሑፍ ከማንም እንደማይቀበሉ ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ፣ ጥቂት ሥራ ቢያጡም በሕግ ፊት የሚቆም አቋም ይኖርዎታል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሃይማኖታዊ ትምህርትን ከክልከላው ቢያወጣም፣ በትምህርትና በጥላቻ መካከል ያለውን ድንበር ባነር ሠሪ ቆሞ እንዲለካ መጠበቅ ከባድ ነው፤ ማስታወቂያው ከዚህም ይገላግልዎታል። ማስታወቂያውን ከለጠፉ በኋላ ግን የራስዎ ወገን ሰው ሲመጣ ማንሳት የለም።