ሙቀት፣ ነፋስ፣ ከዚያ በረዶ፦ በዚህ ሳምንት በአይ 40 አውራ ጎዳና የቴክሳስ ፓንሃንድልን (የቴክሳስን ሰሜናዊ ጫፍ) ላልፍ ነው፣ ምን ትላላችሁ?

የዳላሱ ሹፌር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከኦክላሆማ ሲቲ ወደ አልበከርኪ የሚሄድ ሎድ (ጭነት) ይዣለሁ። በያዝኩት ፕሮግራም ረቡዕ ከሰዓት አማሪሎን አልፋለሁ። ትንበያውን ሳየው ግን ግራ ገባኝ። ማክሰኞ ሙቀቱ ወደ 80 ፋራናይት ይጠጋል። ረቡዕ ከደቡብ ምዕራብ ኃይለኛ ነፋስ አለ፣ ሬድ ፍላግ ዋርኒንግም (የሰደድ እሳት ማስጠንቀቂያ) ወጥቷል። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ኮልድ ፍሮንት (የቀዝቃዛ አየር ግንባር) ይገባል። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ በረዶ!

ሰደድ እሳትና በረዶ እንዴት በአንድ ሳምንት ይመጣሉ? ባለፈው ሳምንትም እኮ በረዶ ጥሎ ነበር፣ ሣሩ እርጥብ አይደለም? ዲስፓቸሬ (ጭነትና ሰዓት የሚመድብልኝ ሰው) «ብርዱ ሲገባ እሳት የሚባል ነገር አይኖርም፣ ዝም ብለህ ንዳ» ይለኛል። ትሬለሩ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ባለቤቴ ዜናውን ካየች ጀምሮ ተጨንቃለች። መስመሩን የምታውቁት እባካችሁ ምከሩኝ።

አማሪሎ ነዋሪ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅክ። ዲስፓቸርህ ያለህን አትስማ። በዚህ አገር ከባዱ ሰዓት ብርዱ የሚገባበት ሰዓት ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ።

ከሣሩ ልጀምር። እዚህ ሣሩን ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በፎል መጨረሻ የሚመጣው ውርጭ ይገድለዋል። ከዚያ እስከ ኤፕሪል ድረስ እንደቆመ ደርቆ ይከርማል። ባለፈው ሰመር ጥሩ ዝናብ ከነበረ ደግሞ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ስለዚህ የሚነደው ይበዛል። ቀጭን ስለሆነ ፀሐይና ነፋስ ካገኘ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርቃል። ያለፈው ሳምንት በረዶ ለረቡዕ ምንም አይፈይድልህም።

ነፋሱ ደግሞ ከኒው ሜክሲኮ ከፍታ ወደ እኛ የሚወርድ ነው። እየወረደ ሲመጣ ይሞቃል፣ ይደርቃል። በእንዲህ ያለ ቀን ከሰዓት በኋላ የአየሩ እርጥበት ከ15 በመቶ በታች ይወርዳል። አንድ ብልጭታ ይበቃል።

አሁን ወደ ኮልድ ፍሮንቱ። ፍሮንቱ እስኪደርስ እሳቱ በደቡብ ምዕራብ ነፋስ ተገፍቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሮጣል። ቅርጹ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ፊቱ ጥቂት ማይል ቢሆን ጎኑ ብዙ ማይል ይሆናል። ፍሮንቱ ሲያልፍ ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሰሜን ይዞራል። ያን ጊዜ ያ ረጅም ጎን በሙሉ የእሳቱ ፊት ሆኖ ወደ ደቡብ ይነሳል። ከኋላው ነኝ፣ ተርፌያለሁ ያለ ሰው ድንገት ከፊቱ ያገኘዋል።

በ2024 ያየነው ይህንን ነው። የስሞክሃውስ ክሪክ እሳት ፌብሩዋሪ 26 ቀን ስቲኔት አካባቢ ተነሳ። ቀኑ የሰመር ያህል ሞቃት ነበር። በማግስቱ ፍሮንቱ ገባና እሳቱ ወደ ደቡብ ዞረ። በመጨረሻ ከ1 ሚሊዮን ኤከር በላይ አቃጠለ፤ በቴክሳስ ታሪክ ትልቁ ነው። ሁለት ሰዎች ሞቱ። ያለቀው ከብት በሺዎች ነው። የአጥር ሽቦ ሥር የወደቁ ላሞች ፎቶ ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም፤ ከብት ባለበት ቤት ላደገ ሰው ከባድ ነው። ፌብሩዋሪ 29 በረዶ ጣለ። እሳት አጥፊዎቹን ያገዛቸው የበረዶው እርጥበት ነው። ደረቅ ብርድ ከነፋስ ጋር ሲመጣ እሳት ያራግባል እንጂ አያጠፋም።

አንተ ደግሞ የምትነዳው አይ 40 ላይ ነው። ማርች 12 ቀን 2006 በዚሁ መንገድ፣ ግሩም የምትባል ከተማ አጠገብ፣ ጭሱ መንገዱን ሸፍኖት መኪኖች ተላተሙና አራት ሰዎች ሞቱ። 

ባለ ፍላትቤድ፦

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ነፋሱ ልጨምር። አይ 40 ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሚሄድ የሰሜንም የደቡብም ነፋስ ከጎን ነው የሚመታህ። ባዶ ትሬለር ይዘህ በሰዓት 60 ማይል የሚሮጥ ነፋስ ከጎን ሲመታህ መሪው አይታዘዝህም።

አቧራውንም አትርሳ። ማርች 14 ቀን 2025 ካንሳስ ውስጥ አይ 70 ላይ አቧራ ተነስቶ ከ70 በላይ መኪኖች ተላተሙ፣ ስምንት ሰው ሞተ። አቧራ ከያዘህና መውጫ ከሌለ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጣ፣ መብራትህን በሙሉ አጥፋ፣ እግርህን ከፍሬን አንሳ። መብራትህ በርቶ ከቆምክ ከኋላ የሚመጣው መንገድ መስሎት ተከትሎህ ይገባል።

የዳላሱ ሹፌር፦

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ለአቧራ ከመንገድ ውጣ ካላችሁኝ፣ ጭስ ሲሆንስ? ዳር ላይ ያለው ሣር ያው ደረቅ አይደለም?

አማሪሎ ነዋሪ፦

ጎበዝ፣ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ጭስ ካየህ ሳትገባበት ኤግዚት አድርግ። ጥቁር ወይም ቡናማ ግድግዳ ከሩቅ ይታያል፣ አገሩ ሜዳ ነው። ወደ ትራክ ስቶፕ ግባ፣ አስፋልት ወይም ጠጠር ላይ ቁም። ደረቅ ሣር ላይ በፍጹም አትቁም። የከባድ መኪና ጭስ ማውጫ፣ በተለይ ሪጄን ላይ (የጭስ ማጣሪያው ጥላሸቱን እያቃጠለ ሲያጸዳ) ከሆነ፣ ሣር ለማቀጣጠል በቂ ሙቀት አለው። ከመነሳትህ በፊት ጎማህንና ፍሬንህን እይ፣ የሚንጠለጠል ሰንሰለት ካለ እሰረው። አስፋልት ላይ የሚጎተት ሰንሰለት ብዙ እሳት አስነስቷል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ለዲስፓቸርህ እንዲህ በለው። ወይ ረቡዕ ሳይነጋ እነሳለሁ፣ ወይ ሐሙስ መንገዱ ከተጠረገ በኋላ። በሐበሻ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ላይ ከኦክላሆማ ሲቲ ከወጣህ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ አማሪሎ ነህ። ጠዋት ነፋሱ ገና አልበረታም፣ እርጥበቱም የተሻለ ነው። የሚብሰው ከረፋዱ በኋላ ነው። ኒው ሜክሲኮም ነፋስ አለ፣ ስለዚህ ቱኩምካሪ ላይ ቆም ብለህ ትንበያውን እንደገና እይ። ረቡዕ ከሰዓት ብቻ አይሆንም። ሎድ ይዘገያል፣ ይከፈልበታል፣ ያልፋል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ቦርገር፦

ሹፌር ላልሆናችሁ፣ እዚህ አካባቢ ለምትኖሩ ብቻ አንድ ቃል። ፓስፖርት፣ የግሪን ካርድና የልጆች ወረቀት፣ መድኃኒት አንድ ቦርሳ ውስጥ አድርጋችሁ በር ላይ አስቀምጡ። መኪናውን ነዳጅ ሙሉት። እንግሊዝኛ የማይሰሙ እናትና አባት ቤት ካሉ፣ የስልኩ ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ምን ማለት እንደሆነ ዛሬውኑ አስረዷቸው። የእኔ እናት ድምፁን ስትሰማ ስልኩን ታጠፋው ነበር።

የዳላሱ ሹፌር፦

ከዲስፓቸሬ ጋር ተነጋገርን። መጀመሪያ እምቢ አለ፣ የፍሮንቱን መግቢያ ሰዓት ከብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎቱ ገጽ ላይ ሳሳየው ተስማማ። ረቡዕ ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 10 ላይ እወጣለሁ። ባለቤቴም የጻፋችሁትን አንብባ ትንሽ ተረጋጋች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አማሪሎ ነዋሪ፦

ጥሩ ነው። ቴክሳስ ስትገባ ከምታገኛት ከሻምሮክ ጀምሮ ድራይቭ ቴክሳስን (የቴክሳስን የመንገድ ሁኔታ ድረ ገጽ) እየቆምክ እያየህ ና፣ መንገድ ከተዘጋ መጀመሪያ እዚያ ነው የሚወጣው። አማሪሎ ስትደርስ የነፋሱን ሁኔታ እዚህ ጻፍልን፣ ከኋላህ የሚመጡ አሉ።