አስቸኳይ፦ ከዝምታ ሪትሪት መሃል ወጥቻለሁ፣ እስከ ማታ መወሰን አለብኝ

ብቻዬን
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። የአስር ቀን የዝምታ ሪትሪት (ከሰው ተለይቶ ተመስጦ የሚሠራበት ቆይታ) ገብቼ ነበር። ከግማሽ በላይ ቆይቼ ዛሬ ጠዋት መቀጠል አቃተኝ። ስልኬን መልሰውልኛል። አሁን የእንግዳ ማረፊያው ውስጥ ነኝ። «እስከ ማታ አስቢበት፤ ከፈለግሽ ትመለሻለሽ፣ ካልሆነም መኪና እንጠራልሻለን» ብለውኛል። ሰዎቹ ደጎች ናቸው።

የመጣሁት ለመታደስ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ራሴን ስወቅስ ነው የከረምኩት። ለራስሽ መራራትን እዚያ ትማሪያለሽ ተብዬ ነው የገባሁት። ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ራሴን ስሰድብ ነው የማገኘው። ትናንት «ለራስሽ በጎ ተመኚ» ሲባል ማልቀስ ጀመርኩ፣ ማቆም አልቻልኩም። ሌሎቹ ንቅንቅ አይሉም። ልመለስ? ልሂድ? ብሄድ ይሄንንም ሳልጨርስ ቀረሁ ማለት ነው።

መንገደኛ
የየትኛው የቡድሂስት ተመስጦ ትምህርት ነው? ቪፓሳና ነው፣ ዜን ነው፣ ሌላ ነው? እንቅልፍስ? የምትወስጂው መድኃኒት አለ? እነዚህን ሳናውቅ ሂጂም ተመለሺም ብንልሽ ግምት ነው የሚሆነው።

ንጹህ አየር
አይዞሽ እህቴ። ወደ ትንፋሽሽ ተመለሺ። ሐሳብ ሲመጣ አትከተዪው፣ ወደ ትንፋሽ። ስድቡ ሲመጣም ወደ ትንፋሽ። ያልፋል።

ሳቂታ
እነዚህ ቦታዎች እኮ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው የሚደውሉት። ዶሮ ራሱ ገና ሕልም ላይ ነው! እስከ ዛሬ መዝለቅሽ ራሱ ጀግንነት ነው። ቁም ነገር ልጨምር፦ ምሳ በልተሻል? በባዶ ሆድ ትልቅ ውሳኔ አይወሰንም።

ብራና
ነገሩን ከሥሩ እንየው። የአስር ቀን የዝምታ ኮርስ በዓለም ዙሪያ የታወቀው በአብዛኛው በኤስ ኤን ጎኤንካ በኩል ነው። ጎኤንካ እ.ኤ.አ. በ1924 በበርማ፣ ማንዳሌይ ውስጥ የተወለደ ነጋዴ ነበር። ብርቱ ራስ ምታት ያሠቃየው ነበር፤ ለሕመሙ ሞርፊን እስከ መወጋት ደርሷል። በ1955 የተመስጦ አስተማሪው ኡ ባ ኪን ዘንድ ገብቶ መማር ጀመረ። ኡ ባ ኪን መነኩሴ አልነበሩም፤ የመንግሥት ከፍተኛ የሒሳብ ሹም ነበሩ። ጎኤንካ በ1969 ወደ ሕንድ ሄዶ ማስተማር ያዘ። እዚያው ሕንድ፣ ኢጋትፑሪ ያለው ትልቁ ማዕከል በ1976 ነው ሥራ የጀመረው። ኮርሱ ክፍያ የለውም። ቀድመው የጨረሱ ሰዎች በሚሰጡት ልገሳ ይንቀሳቀሳል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ትንፋሽ ላይ ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር የሰውነትን ስሜት መቃኘት ይጀመራል። ከዚያ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰዓት፣ ላለመንቀሳቀስ ቆርጠው ይቀመጣሉ። ሜታ የሚባለው የበጎ ምኞት ተመስጦ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ በ10ኛው ቀን ነው። አንቺ ግን መሃል ላይ «በጎ ተመኚ» ተባልኩ ብለሻል። ስለዚህ ያንቺ ሌላ ትምህርት ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ከቡድሃ ደቀ መዛሙርት አንዱ ሶና ይባላል። በእርምጃ ተመስጦ እግሩ እስኪደማ ድረስ ይመላለስ ነበር። ያሰበው አልመጣለት ሲል «ምንኩስናውን ትቼ ወደ ቤቴ ብመለስ ይሻላል» አለ። ቡድሃ ይህን አውቆ መጣ። ሶና ከመመንኮሱ በፊት ቪና የሚባለውን የክር መሣሪያ ይጫወት ነበርና ስለ ክሩ ጠየቀው። ክሩ ከልክ በላይ ሲወጠር ያምር ነበር? የለም። ሲላላስ? የለም። ጥረትም እንደዚያው ነው አለው። ልብ በይ፤ «ለምን መሄድ አሰብክ» ብሎ አልገሠጸውም። «በርታ፣ ጨምር» አላለውም። ልኩን ያዝ ነው ያለው። ክርሽ ከልክ በላይ የተወጠረ ይመስለኛል።

ጥርጥር
እኔ መነሻው ላይ ነው የማልስማማው። የቡድሂስት ሪትሪት ራስን ለማደስ አልተሠራም። ዓላማው ሁሉ ነገር አላፊ መሆኑን፣ «እኔ» የምንለውም ቋሚ አለመሆኑን ማየት ነው። መነኮሳቱ በዝናብ ወራት ሦስት ወር አንድ ቦታ ተቀምጠው ሲሠሩ ለዕረፍት ብለው አይደለም። የደከመው ሰው ዕረፍት ይውሰድ። ራስን መውደድ የዘመኑ ሰዎች የጨመሩበት ነው።

እርጋታ
ጥርጥር፣ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ አይደለም። በ5ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴው ቡድሃጎሳ ያዘጋጀው ቪሱዲማጋ የተባለ መጽሐፍ የሜታን ልምምድ ከራስ ጀምር ይላል። «ደስተኛ ልሁን፣ ከሥቃይ ነጻ ልሁን» ብሎ። የዘመን ጭማሪ አይደለም።

ለውጥ የመጣው ሌላ ቦታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሕንድ፣ ዳራምሳላ በተደረገ ስብሰባ ላይ የተመስጦ መምህርቷ ሻሮን ሳልዝበርግ የቲቤት ቡድሂስቶችን መሪ ዳላይ ላማን ራስን ስለ መጥላት ጠየቀቻቸው። ግራ ገባቸው። ከአስተርጓሚያቸው ጋር ደጋግመው ተነጋገሩ። ሰው እንዴት ራሱን ይጠላል ብለው ተገረሙ። ብዙ ሰው ግን ወደ ሪትሪት የሚገባው ይህንኑ ጥላቻ ይዞ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብዙ አስተማሪዎች ከራስ አያስጀምሩም። መጀመሪያ ስታስቢው ልብሽ የሚለሰልስለትን አንድ ፍጥረት ትይዣለሽ፤ ሕፃን ሊሆን ይችላል፣ ውለታ የዋለልሽ ሰው ሊሆን ይችላል። ለእሱ ትመኛለሽ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ራስሽን ከጎኑ ታስቀምጫለሽ።

ስለ ለቅሶውም ልበል። ተመራማሪዋ ክሪስቲን ኔፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ለራስ መራራትን በሦስት ነገር ገልጻዋለች። ለራስ ደግ መሆን፣ መከራ የሰው ሁሉ መሆኑን ማወቅ፣ ሕመሙን ሳይሸሹ ሳያጋንኑም ማየት። እሷና ክሪስቶፈር ገርመር በሚያስተምሩት ፕሮግራም ውስጥ ስላንቺው ዓይነት ለቅሶ ቀድመው ይነግሩሻል። ለረጅም ጊዜ ደግነት ያላገኘ ሰው ደግነት ሲነካው የቆየው ሐዘን ይወጣል። አንቺ ትምህርቱ እንቢ ያለሽ መስሎሻል። እኔ ግን ገብቶሽ ነው ባይ ነኝ።

ጉልበቴ
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ወጣ ልበልና፦ እኔ በሚቀጥለው ወር ልገባ ነው፣ ጉልበቴ ግን ያመኛል። መሬት መቀመጥ ግዴታ ነው?

ብቻዬን
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሶና የሚለውን ሳነብ እንደገና አለቀስኩ። መንገደኛ ለጠየቅከው፦ እንቅልፍ የለኝም። የጀመረኝ ሳልንቀሳቀስ እንድቀመጥ ከተባልኩበት ቀን ነው። ተኝቼም ልቤ ይመታል። ለእንቅልፍና ለጭንቀት የምወስደው ኪኒን ነበረኝ፣ እቤት ትቼው ነው የመጣሁት። ተመስጦው ይበቃኛል ብዬ። ለአስተማሪዋ አልነገርኳትም።

ንጹህ አየር
እህቴ፣ ወደ ትንፋሽሽ ተመለሺ። እንቅልፍ ባይመጣም ትንፋሹን ተከታተዪ።

መንገደኛ
ንጹህ አየር፣ በቅንነት ነው የምትለው፣ ግን እዚህ ላይ ተው። እንቅልፍ አጥታ ልቧ የሚመታ ሰው ወደ ውስጥ ይበልጥ ተመልከቺ ስትባል ሊብስባት ይችላል። ተመራማሪዎቹ ጃሬድ ሊንዳልና ዊሎቢ ብሪተን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ከተመስጦ ጋር የተያያዘ ፍርሃት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ሌላም ብዙ ነገር የገጠማቸውን ሰዎች አነጋግረዋል። ልምድ ያላቸው ሰዎችም ጭምር ነበሩበት።

የወጥ ቤት አገልጋይ
የኔ ልጅ፣ ሪትሪት ላይ በአገልጋይነት ብዙ ሠርቻለሁ። መሃል ላይ የሚወጡ ሰዎችን ሻንጣ ይዤ በር ድረስ ሸኝቻለሁ። ስለዚህ በደንብ ስሚኝ።

ጥያቄው ልመለስ ልሂድ አይደለም። መጀመሪያ መድኃኒቱ ነው። እንዲህ ያለ ኪኒን በድንገት ሲቋረጥ በራሱ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስመታል፣ ያስለቅሳል። አንቺ ደግሞ ሁሉንም የነፍስሽ ድክመት አድርገሽ ቆጠርሽው። አሁኑኑ ኪኒኑን ላዘዘልሽ ሐኪም ደውዪ። እንዴት እንደምትቀጥዪው እሱ ይንገርሽ። በራስሽ ግምት አንድም ፍሬ አትዋጪ።

ሁለተኛ፣ አስተማሪዋን አስጠሪና ይሄንኑ ለእኛ የጻፍሽውን እንዳለ ንገሪያት። ሲመዘግቡ ስለ ጤና የሚጠይቁት ሊከለክሉ ብቻ አይደለም፤ አያያዙን ለማወቅ ነው። የሚያፍሩብሽ አይምሰልሽ።

ሦስተኛ፣ ዛሬ አትቀመጪ። ዓይንሽን ከፍተሽ ውጪ ተራመጂ። እግርሽ መሬቱን ሲነካ ይሰማሽ። ዛፍ እዪ፣ ሰማይ እዪ፣ የምታዪውን ስም ጥሪ። ሞቅ ያለ ነገር ጠጪ፣ ብዪ። ገላሽን ታጠቢ። ይሄ ከተመስጦ ውጭ መስሎ እንዳይታይሽ። ለራስ መራራት ዛሬ ላንቺ ይሄ ነው፤ የተመስጦው መቀመጫ ትራስ ላይ ብቻ አይደለም።

አራተኛ፣ ብቻሽን መኪና ውስጥ አትግቢ። የምታምኚውን ሰው ጥሪ፣ መጥቶ ይውሰድሽ። ይሄን ሁሉ ቀን ዝም ብሎ የከረመ ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲገባ ይደነግጣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ማታ ቤት ውስጥ አብሮሽ የሚያድር ሰው ይኑር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በግልጽ መልሺልኝ። ስድቡ ራስሽን ወደ መጉዳት ሐሳብ ይሄዳል? ከራስሽ ሌላ የሚናገርሽ ድምፅ ትሰሚያለሽ? መልሱ አዎ ከሆነ እኛን አትጠብቂ። አሁኑኑ ቢሮው ሂጂ፣ አጠገብሽ ሰው ይቀመጥ፣ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይውሰዱሽ።

ብራና
መድኃኒቱን ሳታነሺው ስለ ክር አወራሁ። አሁን እኔም ሂጂ ባይ ነኝ። ማዕከሉ የትም አይሄድም።

ጥርጥር
በዚህ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። «ሳልጨርስ ቀረሁ» የሚለውን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ምኑን ነው የምትጨርሺው? ፈተና የለውም፣ ውጤት አይሰጥም። ሶና ራሱ እኮ ያሰበው ላይ የደረሰው ጥረቱን ካስተካከለ በኋላ ነው።

ብቻዬን
የሚናገረኝ ሌላ ድምፅ የለም፣ የራሴ ሐሳብ ነው። ራሴን ልጉዳ አላልኩም። እህቴ ጋ ደውያለሁ፣ እየመጣች ነው። ሐኪሙ ስልክ አላነሳም፣ ክሊኒኩ መልሶ ይደውላል አሉኝ። አስተማሪዋን አስጠርቻለሁ። ከዚህ በኋላ ግን ሪትሪት ለኔ አይሆንም ማለት ነው?

የወጥ ቤት አገልጋይ
ተባረኪ። ክሊኒኩ ካልደወለ ደግመሽ ደውዪ። ካልተገኘ እህትሽ ዛሬውኑ ሌላ ሐኪም ጋ ትውሰድሽ።

አይሆንም አልልሽም። ግን ቶሎ አትመለሺ። መጀመሪያ እንቅልፍሽ ይስተካከል። ከሐኪምሽ ጋር ተመካከሪ። ከዚያ እቤትሽ በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ እርጋታ እንዳለችው ልብሽ ከሚለሰልስለት ፍጥረት ጀምሪ። ስትመለሺ አስር ቀን አትበዪ፤ ቅዳሜና እሑድን ብቻ የሚይዝ ሪትሪት አለ። መቀመጥና መራመድ የሚፈራረቁበትን ምረጪ፤ በበርማዊው መነኩሴ በማሃሲ ሳያዶው መንገድ የሚያስተምሩ ቦታዎች እንደዚያ ናቸው። ሜታን ከመጀመሪያው ቀን የሚያስተምሩም አሉ። የቬትናሙ መነኩሴ ቲች ናት ሃን እ.ኤ.አ. በ1982 ፈረንሳይ ውስጥ ያቋቋመው ፕለም ቪሌጅ ደግሞ ምንም ፕሮግራም የሌለበት የስንፍና ቀን አለው፤ ሰው እንዳሻው የሚውልበት። እንደዚያ ያለ አየር ላንቺ ይስማማሻል። ከመመዝገብሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፦ አስተማሪን ለብቻ ማነጋገር በየቀኑ ይቻላል? ሲከብደኝ መቀመጡን መዝለል እችላለሁ? መድኃኒቴን ይዤ መግባት እችላለሁ? ለአንዱ እንኳ አይሆንም ካሉሽ አትግቢ።

እርጋታ
ጉልበቴ፣ ያንተም ጥያቄ እንዳይረሳ። መሬት መቀመጥ በብዙ ቦታ ግዴታ አይደለም፣ ወንበር ይሰጡሃል። ስትመዘገብ ንገራቸው። መሬት ከተቀመጥክ ደግሞ ትራሱን ከፍ አድርገው፤ ጉልበትህ ከዳሌህ ዝቅ ማለት አለበት። ካመመህ ቀስ ብለህ አቀማመጥህን ቀይር።

ሳቂታ
ብቻዬን፣ እህትሽ ደረሰች? ሐኪሙስ ደወለ? ስትችዪ አንድ መስመር ጣይልን።