የእኛና የፈረንጅ ሰዓት ልጄን አምታታው፤ ከየቱ ልጀምር?

የሚካ እናት (አዲስ አበባ)
ሰላም ወገኖች። ልጄ 6 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባ። ትምህርት ቤት ሰዓት የሚማሩት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለት ነው። የቤታችን የግድግዳ ሰዓት ደግሞ በእኛው የተሞላ ነው። ጠዋት ስልኬ 7:30 ይላል፣ ግድግዳው 1:30። "የቱ ነው ውሸታሙ?" ብሎ አፋጠጠኝ። አባቱ "ስድስት ቀንስ" አለው። ገና በጣቱ የሚቆጥር ልጅ! ከሁለት ላይ ስድስት ቀንስ ሲባልማ ጭራሽ አለቀሰ። የቱን ላስቀድም? ወይስ ሁለቱንም አንድ ላይ ይልመድ?

ቲቸር እታለም
እናቱ፣ የቤቱን አስቀድሚ። ያስተማርኩት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ነው፤ በዚህ ጉዳይ ድርድር አላውቅም። የእኛን ሰዓት ልጅ በዓይኑ ያየዋል። አዲስ አበባ ላይ ክረምት ከበጋ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ነው፤ የምትጠልቀውም ማታ በ12 እና በ1 መካከል። ነጋ፣ መቁጠር ተጀመረ። መሸ፣ እንደገና ተጀመረ። የፈረንጁ የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ያኔ ልጁ ተኝቷል፣ ምኑን ያየዋል? "ሁለቱም አይዋሹም፤ አንዱ ሲነጋ ይጀምራል፣ አንዱ እኛ ተኝተን ሳለ" በይው። ለጊዜው ይበቃዋል።

ከዚያ አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ፈልጊና ረጅሙን ቆጣሪ ንቀዪው። በአጭሩ ብቻ ያንብብ። ልክ 2 ላይ ከሆነ ሁለት ሰዓት ነው። በ2 እና በ3 መሃል ከሆነ "ሁለት አልፏል፣ ሦስት አልደረሰም"። አብዛኛው ልጅ ግራ የሚገባው ሁለቱም ቆጣሪዎች በአንድ ቀን ስለሚጫኑበት ነው። ረጅሙን የምትመልሺው አጭሩን ሳያመነታ ሲያነብ፣ በአምስት በአምስት መቁጠርም ሲችል ነው።

የካርቶን ሰዓት አልወድም። (ወላጆች በየዓመቱ አሳምረው ሠርተው ይልካሉ። እሰቅለዋለሁ እንጂ አላስተምርበትም።) ቆጣሪዎቹ ለየብቻ ስለሚዞሩ ልጁ ሁለት ተኩልን ሲሠራ አጭሩን 2 ላይ ይገትረዋል። እውነተኛው ሰዓት ላይ ግን አጭሩ ወደ 3 መንገዱን አጋምሷል። ከኋላ ያለችውን ማዞሪያ ራሱ ያዙራት፤ ረጅሙ ሙሉ ዙር ሲሮጥ አጭሩ አንድ ቁጥር ብቻ እንደሚራመድ ይየው።

አንድ ወጥመድ አለ። ለሦስት አምስት ጉዳይ ሲሆን አጭሩ 3 ላይ የደረሰ ስለሚመስል ልጆች "ሦስት ከሃምሳ አምስት" ይላሉ። "ጉዳይ" ማለትን ቶሎ ካስለመድሽው ይሄ ይቀላል።

የቦሌው
ስልኩ ቁጥሩን ቁጭ አድርጎ ይነግረው የለ እንዴ? በ2018 ማን ቆጣሪ ያያል?

ቲቸር እታለም
ስልኩ 1:50 ይልሃል። ለሁለት ሰዓት ምን ያህል እንደቀረ ግን መቀነስ አለብህ። ክቡ ላይ የቀረችው ቁራጭ ፊት ለፊትህ ናት። ሰርቪስ የሚጠብቅ ልጅ የሚያስፈልገው እሷ ናት።

የሚካ እናት
ቲቸር፣ ያሉትን እጀምራለሁ። ግን የትምህርት ቤቱ ፈተና ደርሷል፤ የፈረንጁንስ ምን ላድርገው?

ቲቸር እታለም
ስድስት መቀነሱን ተዉት። ከአጭሩ ቆጣሪ ማዶ፣ በቀጥታ ፊት ለፊት ያለውን ቁጥር ያንብብ። የ1 ማዶ 7 ነው፣ የ2 ማዶ 8፣ የ3 ማዶ 9። ከፈረንጁ ወደ እኛም ያው ነው። ደቂቃው አይነካም። ለአባቱም አሳዪልኝ።

የናሆም አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ)
የማዶዋ ዘዴ ግሩም ናት! እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ልጆቹ አያታቸው ጋ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ፣ እዚህ ደግሞ ሰዓት ይቀየራል። እንዲህ አቅልዬላቸዋለሁ፦ ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ እዚህ ባለው ቁጥር ላይ አንድ ደምሩ። ከዚያ በኋላ ሁለት። የሚመጣው በቀጥታ የሀገር ቤት ሰዓት ነው፤ በስድስትና በሰባት መጨነቅ የለም። 12 ካለፈ ከ1 መጀመር ነው።

ቀንና ሌሊቱን ግን ለብቻ ማስተማር ያስፈልጋል። አንድ በሚደመርበት ወቅት እዚህ ጠዋት 8 ላይ ሲደውሉ አያታቸው ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ቡና ላይ ናቸው። ማታ 8 ላይ ከደወሉ ግን ያው 9 ይመጣል፣ ከሌሊቱ 9። የዚያን ጊዜ ምርቃት አይጠበቅም።